ናሙናውና መምህሩ፦ ስለ ወጣት ምሁራን የውጭ ጉዞና የሙያ ትስስር ከባሌ የታየ ሒስ

«ዓለም አቀፍ የሙያ ትስስር» የሚለው ሐረግ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ዕቅድና ሪፖርት የማይጠፋ ሆኗል። አንድ ጀማሪ መምህር ስንት ጊዜ ወደ ውጭ አገር ተጓዘ፣ በየትኛው ጉባኤ ላይ ጥናት አቀረበ፣ ተቋሙ ከስንት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ የሚሉት ጥያቄዎች የምሁርነት መለኪያ ተደርገው ይወሰዳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መለኪያ መተቸት ነው። ሒሱ ወጣቱ አይሂድ፣ አገሩ ላይ ተቀምጦ ይቅር ከሚል አስተሳሰብ የተነሣ አይደለም። ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሮቤና ከጎባ ሆኖ የሚመለከት ሰው፣ መለኪያው ሊቆጥረው የሚገባውን ትቶ ሌላ ነገር ሲቆጥር ስለሚያይ ነው።

በመጀመሪያ ባሌ ከዓለም የምርምር መንገድ የራቀ ስፍራ ነው የሚለው ግምት መታረም ይኖርበታል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ሽቅብ የወጣ ሰው ብዙም ሳይቆይ ከሳነቲ አምባ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይደርሳል። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ይህን አምባ የዕፅዋት፣ የአራዊት፣ የአፈርና የጥንታዊ ሰው አኗኗር ተመራማሪዎች ለዐሥርት ዓመታት ተመላልሰውበታል። ከእነርሱም ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ወጣቶች ነበሩ። ለእነርሱ «የውጭ አገር የምርምር ቆይታ» ማለት ባሌ ነበር።

ከሁሉ የሚታወቀውን ምሳሌ ላንሣ። አርጀንቲናዊው ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ባሌ የመጣው ለዶክትሬት ጥናቱ ነው። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ኦክስፎርድ ነበር፤ ያጠናውም የእኛን ቀይ ቀበሮ ነበር። ጥናቱን ካጠናቀቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምን መሠረተ፤ ፕሮግራሙም እስከ ዛሬ ባሌን ማዕከሉ አድርጎ ይሠራል። አንድ ጀማሪ ተመራማሪ ከአንድ ክፍለ ዓለም ወጥቶ በሌላው ተምሮ በሦስተኛው የሕይወቱን ሥራ ሲያገኝ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እኔም ይህን የማነሣው በአድናቆት ነው። ነገር ግን አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የሙያ ትስስሩ የጸናው ሰውየው ብዙ አገር ስለዞረ ሳይሆን፣ አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ አንድ ስፍራ ደጋግሞ ስለተመለሰ ነው።

ጀርመኖቹ ሳቢኔና ጌኦርግ ሚኼ በባሌ የአስታ ደንና ቁጥቋጦ ላይ ያዘጋጁት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ በጀርመን የምርምር ድጋፍ የአፈር፣ የዕፅዋት፣ የአየር ንብረትና የአርኪዮሎጂ ሊቃውንትን ያቀፈ ሰፊ ጥናት በዚያው ተራራ ላይ ተካሄደ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተሳትፎበታል። ፊንጫ ሐበራ በተባለው፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የድንጋይ መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች ይኖሩ እንደነበር፣ ምግባቸውም በአብዛኛው ታላቁ ፍልፈል እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። እንግዲህ የባሌ ተራራ ለብዙ ወጣት የውጭ ምሁራን መመረቂያ ሆኗል። ለጎባና ለሮቤ ወጣት መምህራንስ ምን ሆነ? ሒሴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለጤና ባለሙያ ቅርብ ወደ ሆነው ምሳሌ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎች ላይ ተነሥቶ በሸለቆው ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ያን ጊዜ የተወሰደው እርምጃ ሁሉንም ቀበሮዎች መከተብ ሳይሆን፣ በሽታው ወደ ሌሎች መንጋዎች ሊሻገርባቸው በሚችልባቸው መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ብቻ መርጦ መከተብ ነበር። የዚህ ሥራ ትንተና እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር ላይ ታተመ። ጽሑፉ ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አነስተኛ ሽፋን ያለው ክትባት በትክክል ከተመራ ወረርሽኝን ሊገታ እንደሚችል ያሳያል፤ ይህም ከቀበሮ አልፎ ለሰው ጤና ትምህርት የሚሆን ነው። የደራሲያኑን ዝርዝር ስናነብ ግን ከዐሥር በላይ ከሆኑት ስሞች መካከል፣ በዚያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪዎች የነበሩ ወጣቶች ሳይቀሩ፣ አንድም ኢትዮጵያዊ ስም አናገኝም። በሽታውን ወደ ቀበሮዎቹ የሚያመጣው ከእረኞች ጋር ወደ ደጋው የሚወጣው ውሻ ነው። ያው ውሻ የነከሰው ሕፃን ደግሞ የሚመጣው ወደ ባሌ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ነው። በአንድ ተራራ ላይ አንድ ቫይረስ ሁለት መዝገብ አለው፤ አንደኛው ኔቸር ላይ ታትሟል፣ ሁለተኛው በክሊኒክ የታካሚዎች መዝገብ ላይ ቀርቷል።

ለፍትሕ ሲባል መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በ2003 በሮቤ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያልነበረ መምህር በደራሲነት ሊጻፍ አይችልም። ሆኖም ይህ ምክንያት የሚያገለግለው እስከዚያ ዘመን ድረስ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቆይበት የምፈልገው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው፣ ኢትዮጵያውያን ከከፍታ ጋር ስለ ተላመዱበት የዘር ውርስ ሁኔታ የሚያጠናው ነው። ይህን ጽሑፍ ለመረዳት ግን ከእርሱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዶክተር አምሐ ገብረመድኅን ጭምር፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ያልተጠበቀ ውጤት አገኙ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው ደግሞ 95.3 በመቶ ነበር። በአንዲስ ተራሮች ያሉ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ በቲቤት ያሉት ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ባይጨምርም የኦክስጅን ሙሌታቸው ይቀንሳል። የእኛዎቹ ግን በሁለቱም መለኪያ በባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ ይመስሉ ነበር። በዓለም የፊዚዮሎጂ መማሪያ ላይ ሦስተኛ ዓይነት የመላመድ መንገድ ተጨመረ።

የ2012ቱ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ባሌ አመጣው። ከሰሜኖቹ አማሮች ጎን በባሌ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆች ተመረመሩ። ደራሲያኑ አማሮቹ ከ2,500 ሜትር በላይ ቢያንስ ለ5,000 ዓመታት እንደኖሩ፣ ኦሮሞዎቹ ግን ወደ ከፍታው ከወጡ 500 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው ከታሪክ ጠቅሰው፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ልዩነትም አገኙ፤ የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ያለ ነበር። በቲቤታውያን ዘንድ ሄሞግሎቢንን የሚወስኑት የጂን ልዩነቶች በእኛ ሕዝብ ላይ ያንኑ ሚና እንደማይጫወቱም አሳዩ። ከስድስቱ ደራሲያን አንዱ ዶክተር አምሐ ናቸው።

እንደ ሳይንስ ጽሑፍ ስገመግመው ጥያቄው ንጹሕ፣ አካሄዱ ጠንቃቃ ነው። ደራሲያኑ የማያውቁትን አውቀናል አላሉም። ጉድለቱን የማገኘው ጽሑፉ በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። ለዘር ውርስ ተመራማሪ ጽሑፉ ያለቀ ሥራ ነው፤ በጎባ ለምትሠራ አዋላጅ ነርስ ግን ገና መግቢያ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ።

በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ያለች አንዲት እናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ሄሞግሎቢኗ 12.5 ሆኖ ተገኘ እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር ያስቀመጠው የደም ማነስ ወሰን 11 ነው። በደጋ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ እንደሚጨምር ስለሚታሰብ ግን ወሰኑ በከፍታው መጠን ከፍ ይደረጋል። በቀድሞው የድርጅቱ ሠንጠረዥ ለ2,500 ሜትር የሚጨመረው 1.3 ነበር፤ ስለዚህ ወሰኑ 12.3 ይሆንና እናቲቱ ደም አላነሳትም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው አዲስ መመሪያ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር የሚጨመረው 1.8 ሆኗል፤ ወሰኑ 12.8 ይሆንና ያችው እናት በያው ደሟ የደም ማነስ አለባት ትባላለች። ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ደግሞ የሚጨመረው 1.4 ነው፤ ወሰኑ 12.4 ሆኖ እናቲቱ እንደገና ጤነኛ ትሆናለች። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሮቤ ደግሞ በ2,500 ሜትር አካባቢ። መስመሩ ሮቤ ላይ ወይም በአጠገቧ ያልፋል ማለት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በታክሲ የሚደረስበት ነው። ሮቤ ጤነኛ የነበረች እናት ጎባ ስትደርስ ታማሚ ልትሆን ትችላለች፤ መንገድ ላይ የተለወጠ የደም ጠብታ ግን የለም።

የትኛው ሠንጠረዥ ለባሌ እናቶች ትክክል ነው? የሰሜኖቹ ሰዎች ውጤት ከተወሰደ ማስተካከያው ለእነርሱ ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላል። የባሌዎቹ ግን ከሰሜኖቹ ይለያሉ ተብሏል፤ ያውም በ4,000 ሜትር ላይ፣ እርጉዝ ባልሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። በጎባና በሮቤ፣ በዲንሾና በአጋርፋ የሚኖሩትስ? በከተማዎቹ ከቆላ የመጣውም ከደጋ የወረደውም፣ ኦሮሞውም አማራውም አብሮ ይኖራል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ሄሞግሎቢንን ከፌሪቲን ጋር አጣምሮ፣ ብዙ እናቶችን እስከ ወሊድ ተከታትሎ፣ የወሊዱን ውጤትም መዝግቦ የሚያጠና ሰው ብቻ ነው። ይህ ሰው ከቺካጎ ወይም ከክሊቭላንድ ሊመጣ አይችልም። ቢመጣም ለስድስት ሳምንት ነው።

የኦክስጅን ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። በሳንባ ምች ለታመመ ሕፃን ኦክስጅን የሚጀመረው ሙሌቱ ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ነው የሚለውን ሁላችንም ተምረናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ስፍራዎች ወሰኑ 87 በመቶ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል። የአንድ ሲሊንደር ኦክስጅን ዋጋና ከየት ተጓጉዞ እንደሚመጣ ለሚያውቅ ባለሙያ በ87 እና በ90 መካከል ያለው ልዩነት የወረቀት ልዩነት አይደለም።

አሁን ወደ ወጣቱ መምህር ልመለስ። በአካባቢያችን ያስተምር የነበረ አንድ ወጣት ሐኪም ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተጋበዘ። ዋስ ጠርቶ፣ የአገልግሎት ውል ፈርሞ፣ ለቪዛ የጣት አሻራ ለመስጠት ብቻ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሶ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ስለ ሄሞግሎቢንና ስለ ከፍታ ያሰበውን ጥያቄ ለአማካሪው አቀረበ። አማካሪው መልካም ሰው ነበሩ፤ ጥያቄው ደስ ቢላቸውም መረጃ መሰብሰቢያ ጊዜም ገንዘብም ስለሌለ ከሌላ አገር የተሰበሰበ፣ በኮምፒዩተር ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መረጃ ሰጡት። እርሱም በዚያ ላይ ጥሩ ጽሑፍ ጻፈ፤ በአንድ ጉባኤም ላይ አቀረበ። ሲመለስ የውጭ ትስስር ያለው ምሁር ተብሎ ተመዘገበ። ከባሌ ጋር የነበረው ትስስር ግን ላልቶ ነበር። ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠርለት የሌላው አገር መረጃ ስለነበር በእርሱው ቀጠለ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የአማካሪው አይደለም፤ የወጣቱም አይደለም። ጉዞው የተሰናዳው ከጥያቄው በፊት ነበር፤ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የምንገምተው ተቃውሞ አለ። «ይህ ሁሉ የተመለሰውን መውቀስ ነው፤ ብዙዎቹ ከነጭራሹ አልተመለሱም» ይባላል። እውነት ነው። ዶክተር ይፍሩ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ከመንግሥት አገልግሎት የለቀቁት ሐኪሞች 73.2 በመቶ መድረሳቸውን አሳይተዋል፤ ወደ ውጭ አገር የሄዱትም፣ በአገር ውስጥ ወደ ግልና ወደ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የገቡትም በዚህ ውስጥ ናቸው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጉዞን ለመከልከል ነው። እኔ ከቁጥሩ የማነበው ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙን የሚያስቀረው ውልና ዋስ ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር እዚህ ባልደረሰ ነበር። ደመወዝና ኑሮ ዋናዎቹ ምክንያቶች መሆናቸውን ማንም አይክድም፤ ግን በስፍራው ላይ የራሱ የሆነ፣ ሌላ ሰው ሊሠራለት የማይችል ጥያቄ ያለው ሰው ቢያንስ አንድ የመመለሻ ምክንያት አለው።

ጉዞው በጥያቄ ተመርቶ፣ ትስስሩ በስፍራ ተተክሎ የተሠራበት ምሳሌ በአገራችን አልጠፋም። ከእነዚህም ሁለቱን ብቻ እጠቅሳለሁ። አንደኛው ቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍልና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በቡታጅራና አካባቢዋ የልደት፣ የሞትና የበሽታ ክትትል ሥራ መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወደ ኡሜኦ ሄደው ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል። ይዘውት የሄዱት መረጃ ግን ከቡታጅራ መንደሮች የመጣ ስለነበር ሲጨርሱ የሚመለሱበት ሥራ ይጠብቃቸው ነበር። ስዊድኖቹም በተራቸው ወደ ቡታጅራ መምጣት ነበረባቸው።

ሁለተኛው የአእምሮ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀመር በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሊያስተምሩ ተስማሙ። እዚህ ተጓዡ መምህሩ እንጂ ተማሪው አልነበረም። ተማሪው የሚያክመው የአማኑኤል ሆስፒታልን ሕሙማን ነበር፤ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩትን። በቶሮንቶ ቢማር ኖሮ በቶሮንቶ ያሉትን ሕሙማን ማከም ይማር ነበር። ሥልጠናው ያፈራቸው ሐኪሞች በአብዛኛው አገር ውስጥ መቅረታቸው ብዙ ጊዜ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን ከዚህ ቀላል ነገር ይልቅ የአገር ፍቅር ይጠቀሳል።

እነዚህን ምሳሌዎች ስጠቅስ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሳሌዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የሕክምና ትምህርት ሽርክናም በአገራችን ያቀፈው አዲስ አበባን፣ ሐረማያን፣ ሐዋሳንና የመከላከያን የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር። ከዚያ ውጭ ያሉት ቆመው ተመለከቱ። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ የውጭው አጋር ጠንካራ ተቋም መፈለጉ አይገርምም። የሚገርመው የእኛው የውስጥ ትስስር ነው። የባሌን ሕዝብ ያጠና የአዲስ አበባ ባልደረባ ከቺካጎ ባልደረባው ጋር ያለው ግንኙነት፣ ከአዲስ አበባ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በጎባ ከሚያስተምረው ባልደረባው ጋር ካለው ግንኙነት የጠበቀ ሲሆን፣ «ዓለም አቀፍ ትስስር» የምንለው ነገር ባሌን ዘልሎ ያልፋል። ጎባ ላይ ያለው መምህር የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ለማሳየት፣ ከአስተዳደሩ ደብዳቤ ለማውጣት፣ ወይም የስምምነት ቅጹን በኦሮምኛ ለሕዝቡ ለማስረዳት ነው። ይህ ሥራ ክቡር ሥራ ነው፤ ግን የደራሲነት ተራ አያሰጥም።

በጉዞ ቆጠራ የተያዘው ጀማሪ ምሁር ይህን ክፍተት ለመሙላት አቅም የለውም፤ የተቋሙ አለቆች ግን አላቸው። በብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያችን መሠረት ናሙና ከአገር ሲወጣ የናሙና ዝውውር ስምምነት መፈረም አለበት። ይህ ሰነድ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ኬላ ነው፤ ይታለፋል፣ ይረሳል። እንደ ድርድር መድረክ ቢታይ ግን አንድ ጥያቄ ሊጠየቅበት ይችላል፦ ናሙናው ሲሄድ ማን አብሮት ይሄዳል? የቧንቧው ቁጥር በሰነዱ ላይ እንደሚሰፍር ሁሉ፣ ከናሙናው ጋር ሄዶ ምርመራውን የሚማር፣ ትንተናውን የሚካፈል፣ ውጤቱን ይዞ ወደ ክሊኒኩ የሚመለስ የአንድ ወጣት መምህር ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ስፍራ ሊሰፍርበት ይችላል። ይህ ልመና አይደለም። ናሙናው የተገኘው በዚያ ሰው ሕዝብ መካከል ነው።

የንባብንም ነገር በጥቂቱ ልጥቀስ፤ ያለ ጉዞ የሚገኝ ትስስር ስለሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ ለአገራችን ተቋማት በነጻ የተከፈተ ነው። የ2012ቱ የፕሎስ ጄኔቲክስ ጽሑፍ ደግሞ ሂናሪም ሳያስፈልገው ለማንም አንባቢ ክፍት ሆኖ የታተመ ነው። ነገር ግን ስለ ባሌ ሰዎች ደም የተጻፈውን ይህን ጽሑፍ በባሌ ካሉ የጤና ባለሙያዎች ስንቶቻችን አንብበነዋል? ለደራሲያኑ ጥያቄ ጽፎ የላከስ? የወጣቱ ተመራማሪ ትስስር ከአውሮፕላን ትኬት በፊት ሊጀመር የሚችለው «ጽሑፋችሁን አነበብሁ፤ በእኔ ክሊኒክ የማየው ከዚህ ይለያል» ከሚል የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ደስ የማይለው ተመራማሪ አላውቅም። እኛ ግን ወጣቶቻችንን የጉባኤ ማመልከቻ አሞላል እንጂ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አጻጻፍ አናስተምራቸውም።

የመለኪያውን ጉዳይ በአንድ ግልጽ ሐሳብ ልቋጭ። አንድ ጀማሪ መምህር ለዕድገት ሲቀርብ ገምጋሚው ከጉዞዎቹ ዝርዝር አጠገብ ሁለት ነገሮችን ቢጠይቅ በቂ ነው። የሄደው የራሱን ጥያቄ ይዞ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሰጠውን? ከተመለሰስ በኋላ ያ ግንኙነት ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ ላቦራቶሪው ወይም ወደ ተማሪዎቹ ሦስተኛ ሰው አምጥቷል? በሁለቱም «አዎን» የሚል አንድ ጉዞ፣ በሁለቱም «አይደለም» ከሚሉ አምስት ጉዞዎች ሊበልጥ ይገባዋል። አንድም ጊዜ ከሮቤ ሳይወጣ በሁለተኛው «አዎን» የሚል መምህርም ሊኖር ይችላል፤ እርሱም ዓለም አቀፍ ትስስር እንዳለው መቆጠር አለበት። ይህን የሚቃወሙ ባልደረቦች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ቁጥር ለመቁጠር ይቀላል፤ ጥያቄን ለመመዘን ግን ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ገምጋሚዎቻችን ደግሞ ጊዜ የላቸውም።

ይህን ጽሑፍ በማዘጋጅበት ሳምንት አንዲት አዋላጅ ነርስ ስለ 12.5ቱ ጉዳይ ጠየቀችኝ፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ አሮጌው ነው፣ በስልኳ ላይ ያለው ደግሞ አዲሱ ነው። ሁለቱን አሳየችኝ። ለጊዜው ብረቱን እንድትሰጥ፣ ሄሞግሎቢኑንም በሚቀጥለው ቀጠሮ እንድትደግመው፣ የሁለቱንም ሠንጠረዥ ውጤት በመዝገቧ ላይ ጎን ለጎን እንድትጽፍ ነገርኳት። መዝገቡን ከዚያ ቀን ጀምራ ይዛለች፤ በሳምንቱ መጨረሻ አሥራ ሰባት እናቶች ተጽፈውበት አየሁ።